ሳክስፎኑና የቦርከና ሸምበቆ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከሰፈራችን ጸጉር ቤት እየተዋስኩ ስለሆነ ሁሌም አንድ ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው። ደብዳቤዬም እንደዚያው ዘግይታ ብትደርሳችሁ አትፍረዱብኝ።

ልጄ ብራሰልስ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት ጠርታኝ ሁለት ወር ቆይቼ መጣሁ። ስለ ቪዛው ምልልስ አልጽፍም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ከሁለቱ ወር አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሶፋ ላይ ነው፤ የልጅ ልጄን ስጠብቅ። ከቤት ርቀን የወጣነው አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚያች ቅዳሜና እሁድ ነው። "ፈረንጅ አገር አየሁ" ለማለት ግን አይደለም። ጉዳዬ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከቦርከና ወንዝ ጋር ነው። ትንሽ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። በወጣትነቴ ሳክስፎን እነፋ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፣ ኪነት ውስጥ። ሳክስፎኑ የእኔ አልነበረም። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ፈርሜ ወሰድኩት፣ ፈርሜ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ የራሴ ኖሮኝ አያውቅም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጣቶቼ ግን አልረሱም። ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ ጉልበቴ ላይ ይጫወታሉ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "አባባ፣ ብርድ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች።

ልጄ ይህን ስለምታውቅ ነው አርብ ማታ "አባዬ፣ ሳክስፎን የተወለደበት ከተማ እወስድሃለሁ" ያለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ሳክስፎን ይወለዳል እንዴ?

ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ተሳፈርን። ቤልጂየም ግማሹ አገር ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው፤ ግማሹ ደግሞ ፍላማንድ የሚሉት የሆላንድ ቋንቋ ነው። ብራሰልስ ውስጥ ባቡሩ በሁለቱም ይናገራል። ከከተማው ወጣ ብለን ትንሽ እንደሄድን አንደኛው ቋንቋ ድምፁ ጠፋ። ልጄ "አሁን ዋሎኒ ገባን፣ ከዚህ በኋላ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው" አለችኝ። ለእኔ ሁለቱም ያው ነበሩ። የማውቀው ፈረንሳይኛ "ቦንዡር"ን፣ "ሜርሲ"ን እና "ላጋር"ን ነው። ላጋርን የማውቀውም አዲስ አበባ ስለሄድኩ እንጂ ስለተማርኩ አይደለም። ባቡር ጣቢያ ማለት መሆኑን እዚያ ጣቢያው ላይ ተጽፎ ሳየው ነው የገባኝ። እስከዛሬ የሰፈር ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ናሙር ወረድን። የዋሎኒ ዋና ከተማ ነች። ሁለት ወንዝ ይገናኝባታል። አንዱ ሳምብር ነው፣ ሌላው ሞዝ። እኔ ሞዝ ማለት አቅቶኝ "ሙዝ" እላለሁ። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሙዝ ምን እንደሆነ በአማርኛ ታውቃለች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ "አያቴ፣ ሙዙ ውስጥ ዓሣ አለ?" እያለች ስታስቸግረኝ ዋለች።

ናሙር ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። እሱን ዞር ዞር ብለን አየን። ገበያ ገበያ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። ብቻ አደባባያቸው ላይ ያለው ሐውልት አስቆኛል። ሁለት ሰዎች ናቸው። ጦር የያዘ ጀግና፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ እንዳይመስላችሁ። ቀንድ አውጣ አስረው የቆሙ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው። ቀሪዎቹ ቀንድ አውጣዎች ቀፎ ውስጥ ተዘግቶባቸዋል፤ እንዳያመልጡ! የናሙር ሰው ቀርፋፋ ነው ይባላል አሉ። በንግግርም በአካሄድም። እነሱም አልተቆጡ፣ ቀንድ አውጣን የከተማቸው ምልክት አደረጉት። እኛ ስለራሳችን እንዲህ ብንቀልድ ስብሰባ ይጠራብን ነበር።

ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ሄደን ተቀመጥን። ከበላያችን ገደሉ ላይ ትልቅ ምሽግ አለ። ከአጠገባችን የዋሎኒ ፓርላማ ይታያል። እኔ ያየሁት ግን ወንበሩን ነው። ሁሉም አግዳሚ ወንበር ፊቱ ወደ ወንዙ ነው። ቤቶቹም መስኮታቸው ወደ ወንዙ ነው። ድሮ ጀልባ በፈረስ ይጎተት በነበረበት ዳር ዳሩን ዛሬ ሰው በእግሩና በብስክሌት ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ መቃጥኑን ወንዙ ውስጥ ጥሎ ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ አንድ ዓሣ አልያዘም። ደግሞም የቸኮለ አይመስልም። ቀንድ አውጣው ትዝ አለኝ።

ኮምቦልቻ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ቦርከና በየትኛው በኩል እንደሚሄድ የማውቀው በጠረኑ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ቤቶቻችን ለወንዙ ጀርባቸውን ነው የሰጡት። ሽንት ቤቱ በወንዙ በኩል፣ በረንዳው በአስፋልቱ በኩል።

በማግስቱ እሁድ ዲናን ሄድን። ከናሙር በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ሐዲዱ የሚሄደው ወንዙን ተከትሎ ነው። ዲናን ጠባብ ከተማ ናት። ከፊቷ ወንዝ፣ ከኋላዋ ቀጥ ያለ ገደል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር እንደተቀመጠችው፣ እሷም ገደሏ ሥር ተለጥፋለች። ገደሉ አናት ላይ ምሽግ፣ ገደሉ ሥር ደግሞ ጉልላቱ ሽንኩርት የሚመስል ጥቁር ቤተ ክርስቲያን። ወደ ምሽጉ የሚወጣው ደረጃ 408 ነው። ጉልበቴን አይቼ በገመድ በሚሳበው ሣጥን ወጣሁ። የሕዝቡን ብዛት ጠየቅኩ፤ ዐሥራ ምናምን ሺህ ነው አሉኝ። ከደሴ ጋር አይወዳደርም። አንድ ቀበሌያችን አይሞላም ብል ብዙ አልዋሽም።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከግራና ቀኝ ሳክስፎን ቆሟል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቀለም የተቀባ፣ ሥዕል የተሣለበት። የየአገሩ ሳክስፎን ነው፤ ከየአንዳንዱ ጋር የአውሮፓ አገሮች ባንዲራ አለ። እጄን ሰድጄ አንዱን ነካሁት። ቁልፎቹ አይጫኑም፣ የውሸት ናቸው። ጣቶቼ ግን ቦታቸውን ሄደው ያዙ። ልጄ ፎቶ አነሳችኝ። ፎቶው ላይ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቻለሁ።

አዶልፍ ሳክስ የተወለደው እዚች ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1814። አባቱም የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። የተወለደበት ቦታ ላይ ትንሽ ኤግዚቢሽን አለ፤ ገብታችሁ ታያላችሁ፣ አይከፈልም። ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ሳክስ ራሱ ነሐስ ሆኖ ተቀምጦበታል። አጠገቡ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ተትቷል። እኔም ተቀመጥኩ።

ሰውዬው በልጅነቱ ያልደረሰበት ነገር የለም ይላሉ። ከፎቅ ወድቋል። መርፌ ውጧል። ጎረቤቶቹ "ትንሹ መንፈስ" ይሉት ነበር አሉ፤ በሕይወት ይኖራል ብሎ የጠበቀ ስለሌለ። ኖረ። ኋላ ፓሪስ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1846 ሳክስፎንን በስሙ አስመዘገበ። ሌሎች መሣሪያ ሠሪዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አንከራተቱት፤ ደጋግሞም ከሰረ። በ1894 ፓሪስ ሞተ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ዲናንን የለቀቀው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ቤተሰቡ ብራሰልስ ገባ። ያደገው ብራሰልስ፣ የሠራው ፓሪስ። ዲናን ለሳክስ ያደረገችለት ነገር ቢኖር መውለድ ብቻ ነው። በዚህች አንድ ነገር ግን ድልድዩ የሱ ነው፣ መንገዱ በስሙ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ከዓለም የሚመጡ ሳክስፎን ነፊዎች እዚያው ይወዳደራሉ። ዩሮ ከመምጣቱ በፊት ባለ 200 ፍራንኩ ብራቸው ላይ ሳይቀር ፊቱ ነበር። እኔንም ከቧንቧ ውሃ ድረስ ጎትቶ አምጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ቡና ጠጣን፣ ምሳ በላን፣ ጀልባ ተሳፈርን፣ ለጎረቤት ስጦታ ገዛን። ያ ሁሉ ገንዘብ ዲናን ቀረ።

"ጌታቸው መኩሪያን ሰምተኸው ቢሆን ኖሮ" አልኩት ሳክስን። በአማርኛ ነው ያልኩት። ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው ሰምቶ ቢሆን እሱ ራሱ ሳክስፎኑን "ይህንንም ትችል ነበር ለካ?" ይላት ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። ሸምበቆ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሳክስፎን አካሉ ነሐስ ነው። ግን ሊቃውንቱ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ወገን ነው የሚቆጥሩት። ምክንያቱም ድምፁን የምታወጣው አፍ ላይ የምትታሰር ስስ ሸምበቆ ናት። ሪድ እንላት ነበር። እሷ ከሌለች ሳክስፎን ማለት የታጠፈ ቧንቧ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ቶሎ ትሰነጠቃለች።

አንድ ጊዜ ለበዓል ዝግጅት ተጠርተን የመጨረሻዋ ሪዴ ተሰነጠቀች። አዲስ አበባ ተጻፈ። መልስ የለም። ድጋሚ ተጻፈ። "በግዢ ሂደት ላይ ነው" ተባለ። ከእኛ ጋር አንድ በዕድሜ የገፉ መለከት ነፊ ነበሩ። የተሰነጠቀችውን ከእጄ ወስደው በጥርሳቸው ነከስ አደረጓት። "ልጄ፣ ይኼ እኮ ሸምበቆ ነው። ቦርከና ዳር ሞልቶልሃል" አሉኝ።

በማግስቱ በጭነት መኪና ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ቦርከና ዳር የቆመውን ሸምበቆ መታ መታ እያደረጉ መረጡ። አረንጓዴውን አልፈለጉም፤ ቢጫ መሆን የጀመረውን ነው። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለውን። እቤት ወስደን ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ በሚደርስበት ሰቀልነው። ከሳምንታት በኋላ አወረድነው። እሳቸው አራት ቦታ ሰነጠቁት። እኔ ጀርባውን በመስታወት ላይ አስተኝቼ አስተካከልኩ። ፊቱን በምላጭ ላግኩት፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት። ጫፉ ወደ ብርሃን ሲያዙት ጣት ማሳየት አለበት። የመጀመሪያዋ ተሰበረች። ሁለተኛዋ ምንም አልጮኸችም። ሦስተኛዋ ስትነፋ ከጓሮ የታሰረ ፍየል መለሰላት። አራተኛዋ ጮኸች።

መጀመሪያ የነፋሁባት የባቲን ቅኝት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ባቲን እንደዚያ ነፍቼ አላውቅም። ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፍነው "አሁን አገሯ ገባች" አሉ።

እንግዲህ ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው።

ሙዚቃችን አራት ዋና ቅኝት አለው ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው። የቀሩትን ሁለቱንም ወሎ "የእኔ ናቸው" ይላል፤ እኔም እላለሁ። ከሐገር ፍቅር መድረክ እስከ ሠርግ ቤት፣ ከማሲንቆ እስከ ኪቦርድ፣ ዘፋኙ ሁሉ አፉን ሲከፍት ከእነዚህ ከአንዱ ነው የሚነሳው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ፈረንጆችም እነዚህን ስሞች ይዘው ያጠናሉ። ልጄ ቤት አንድ ማታ የመጣ ቤልጂየማዊ ጎረቤት ኪቦርዱ ላይ "ባቲ፣ ባቲ" እያለ አምስቱን ድምፅ ሲመታልኝ ራሴን ያዝኩ።

"የት ነው ባቲ?" አለኝ በልጄ አስተርጓሚነት።

"ከቤቴ ቅርብ ነው። ገበያዋ ሰኞ ነው" አልኩት።

"ብመጣ ምን አያለሁ?"

ግመል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ባቲ ስንት ሰኞ ውያለሁ። ገበያዋ የሚያስደንቅ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ላይ የሚገበያይበት። ግን ቆሞ "ይህች ከተማ ስሟን ለአንድ የኢትዮጵያ ቅኝት ሰጥታለች" የሚል አንድ ሰሌዳ እንኳ ዓይኔ አልገባም። ቁጭ ብለህ ባቲን በባቲ የምትሰማበት ቤትም አላጋጠመኝም። እንግዳው ግመሉን ፎቶ ያነሳና ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። አምባሰልም ያው ነው። በውጫሌ በኩል የሚያልፍ ሰው የ1881ዱን ውል ያስታውስ ይሆናል። አምባሰል የሚለው ቃል ግን ጆሮው ላይ እንዲጮኽ የሚያደርግ አንዳች ነገር መንገዱ ላይ የለም።

ሳክስ ዲናንን ሕፃን ሆኖ ጥሏት ሄደ፣ እነሱ አልለቀቁትም። ባቲ ቅኝቷ ከእቅፏ አልወጣም፣ እኛ ግን አናስታውሳትም።

ዲናን ሁሉ ነገሩ ጨዋታና ሳቅ እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1914፣ የጀርመን ጦር 674 የከተማውን ሰላማዊ ሰው ጨርሷል። ከሕዝቧ ብዛት ጋር ስታስተያዩት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ከተማዋም ተቃጥላለች። ጀርመኖች መጥተው ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከ87 ዓመት በኋላ። በዚያው ወር ቀደም ብሎ ድልድዩ ላይ አንድ ወጣት የፈረንሳይ መቶ አለቃ ቆስሎ ነበር፤ ደጎል ይባላል። አዎ፣ ያው ደጎል፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የተቀበሉት። እዚያ ሐውልት አለው። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ደሴ ነው። ኅዳር 1928 ጣሊያን ከአየር ያነደዳት ደሴን። ከዚያ ወዲህ ያየነውን፣ በ2014ም ያየነውን ልተወው። ከተማ ተቃጥሎም አግዳሚ ወንበር ይሠራል ለማለት ያህል ነው።

ስለ ምሳው ባጭሩ። ፍላሚሽ የሚሉት አይብና እንቁላል ያለበት ነገር አለ፤ ትኩሱን ካልበላህ አይሆንም አሉኝ፣ ትኩሱን በላሁ፣ ጥሩ ነው። እንጀራ ግን ያምረኛል። ጀልባው ደስ ይላል፤ የልጅ ልጄ ተኝታ አመለጣት።

ስጦታውን ግን በአጭሩ አላልፈውም። ኩክ ደ ዲናን የሚባል ብስኩት አለ። ዱቄትና ማር ብቻ ነው፤ በእንጨት ቅርጽ ተጨቁኖ ይጋገራል። ዶሮ፣ ቤት፣ አበባ፣ ሁሉም ቅርጽ አለው። ድንጋይ ነው። ሻጯ ለልጄ ደጋግማ ነግራታለች። አይነከስም፤ ይሰበርና ቡና ውስጥ ይነከራል፣ ወይ አፍ ውስጥ ይያዛል። ሰዎች ግድግዳ ላይ ለጌጥ ይሰቅሉታል፣ ለዓመታት ይቆያል አለች። እኔ የዶሮ ቅርጽ ያለውን ገዛሁ።

ደሴ እንደገባሁ ጎረቤቶቼ ቡና አፈሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ፣ እንደ ሁልጊዜው ዱዓው ተደረገ፣ እኛም አሜን አልን። ዶሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "እንዳትነክሱ" አልኩ። ሦስት ጊዜ ነው ያልኩት። አንድ ወዳጄ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ፣ "እኛ ቆሎ ያሳደገን ነን" ብሎ ጅራቷን ነከሰ። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ብስኩቱ የተሰበረ መሰለን። ሰውዬው ግን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ብስኩቱ ደህና ነበር። የተሰበረው የሰው ሠራሽ ጥርሱ ነው። "ይኼ ምግብ ነው ሸክላ?" አለ በመጨረሻ። የቤቱ እመቤት ዶሮዋን በሙቀጫ ዘነዘና ሰባብራ ቶናው ላይ አቀረበችልን። ሲነከር ማሩ ይመጣል። ሁሉም ወደደው፣ ከወዳጄ በቀር። የጥርሱን ማሠሪያ ግማሹን እኔ ልከፍል ተስማምተናል።

እዚያው ቡና ላይ ነው አንድ ወጣት ጎረቤታችን "ጋሼ፣ እናንተ ታድላችኋል። ደሴ ቅዳሜና እሁድ ምን አለ? ወይ ሐይቅ ነው፣ ወይ ቤት ነው" ያለው። ስለዚህ ቃል ነው ይህን የምጽፈው። ሐይቅ ደግ ነው፣ እስጢፋኖስም እዚያው ነው፣ እሱን አልነካም። ግን አንድ ከተማ በአንድ ሕፃን ስም ይህን ያህል ከሠራ፣ በሁለት ቅኝት ስም ምን መሥራት ይቻል ነበር? ቅዳሜ ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር ቁጭ ብሎ ማሲንቆ የሚሰማበት ቦታ። ሰኞ ባቲ፣ ከገበያው መልስ፣ ባቲን በባቲ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ማሲንቆ መቺውም ሥራ ያገኛል፣ ቡና አፍዪዋም።

አንድ የታወቀ መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቡናው ላይም መጥቷል። አንድ መምህር ጎረቤቴ "ጋሼ፣ መጀመሪያ የቧንቧ ውሃው ይምጣ፣ ከዚያ ቅኝቱ ይመጣል" አለኝ። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ እየተባለ ውሃው ሲጠፋ ከማንም በፊት የሚጠፋው ከእኛ ነው፣ ስለዚህ አልተከራከርኩትም። እውነቱን ነው። ግን ሰሌዳ ለመትከል ውሃ አያስፈልግም። ወንበር ለመትከልም። ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ ላለመጣልም እንዲሁ።

ከአንድ ወር በፊት ቦርከና ወረድኩ። ያ ሸምበቆ የቆመበትን ቦታ ፈለግኩ። ዳሩ ተቆፍሯል፣ ቤት ተሠርቷል፣ ድሮ የተሻገርንባት ድንጋይ የለችም። ከድልድዩ ትንሽ ዝቅ ብዬ ግን አገኘሁት። እንደ ድሮው ባይሆንም አለ። ፌስታል ወገቡ ድረስ ተጠምጥሞበታል። የውሃው ሙላት ያመጣው ነው። ጎረምሶች መጥተው "ፋዘር፣ ምን ጠፋህ?" አሉኝ። "ሳክስፎን" አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። አንዱ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ገባና እኔ በጣቴ ያሳየሁትን ሦስቱን ቆርጦ አወጣልኝ። ፌስታሉንም እግረ መንገዱን ላጠው።

ሦስቱ ሸምበቆ አሁን ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅለዋል። ሙሽራዬ ቤት ያጨሳሉ ብላ ትቆጣለች፤ ሙሽራ የምላት የአርባ ዓመት ሚስቴን ነው። ለጥምቀት የሚደርሱ ይመስለኛል። ምላጩን ገዝቻለሁ፣ ብርጭቆ ወረቀቱንም። የጎደለኝ ዋናው ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ቁልፎቹ የሚሠሩ አልቶ ሳክስፎን ያለው፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያውሰኝ ሰው ካለ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያግኘኝ። እንደ ድሮው ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ፈርሜ እመልሳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ሳክስፎን ነፊ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ